ንጉሠ ነገሥቱ አምጡልኝ ያለው ጳጳስ፦ ስለ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምናውቀው ከየት ነው?

እ.ኤ.አ. በ356 ወይም በ357 ገደማ ከሮም ንጉሠ ነገሥት ዘንድ አንድ ደብዳቤ ወደ አክሱም ተላከ። ላኪው የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንዮስ ነው። ተቀባዮቹ ዔዛና እና ሳይዛና የተባሉ ወንድማማቾች፣ የአክሱም ገዢዎች ናቸው። ደብዳቤው ስለ ዝሆን ጥርስ ንግድ አያነሳም፤ የጦር እርዳታም አይለምንም። የሚፈልገው አንድ ሰው ነው፦ ፍሬምናጦስ የተባለውን ጳጳስ በቶሎ ወደ ግብፅ ላኩት ይላል።

እኛ ያንን ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እንላቸዋለን። ሐምሌ 26 ቀን ዕረፍታቸውን፣ ታኅሣሥ 18 ቀን ደግሞ በዓለ ሢመታቸውን እናከብራለን። ታሪካቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስለኖርን ከየት እንደመጣ መጠየቅ ብዙም አይታየንም። አንዳንዱ ሁሉን እንደ ሰማው ይቀበላል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ይህማ ተረት ነው» ብሎ በአንድ ቃል ይዘጋዋል። ሁለቱም ሰነዶቹን ገልጦ አላየም። ሰነዶቹ አሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይመሰክራሉ። ከሁሉ የጠነከረው ምስክር ግን ከወዳጅ የተገኘ አይደለም። ጳጳሱን ከመንበራቸው ሊያነሳ የፈለገ ንጉሥ የጻፈው ነው።

ታሪኩን ከመጀመሪያው ልያዘው።

የፍሬምናጦስን የሕይወት ታሪክ መጀመሪያ የጻፈው ሩፊኖስ የተባለ የላቲን ጸሐፊ ሲሆን የትውልድ አገሩ በሰሜን ኢጣሊያ በአኲሌያ አጠገብ ያለችው ኮንኮርዲያ ናት። የአውሳብዮስን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ወደ ላቲን ሲመልስ ከራሱ ሁለት መጻሕፍት ጨመረበት። ይህም የሆነው በአራተኛው መቶ ዘመን ማብቂያና በአምስተኛው መባቻ፣ እ.ኤ.አ. ከ402 እስከ 403 ገደማ ነው። በጨመረው ክፍል ውስጥ ስለ ሁለት ልጆች ይተርካል።

የጢሮስ ሰው የሆነ ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ ሩቅ አገር ሊያይ ተነሣ። ዘመዶቹ የሆኑ ሁለት ልጆችን ትምህርት እያስተማረ ያሳድግ ነበርና ይዟቸው ሄደ። ታናሹ ኤዴስዮስ ይባላል፤ ሌላው ፍሬምናጦስ ነው። አይተው ሲመለሱ መርከባቸው ውኃና ስንቅ ለመያዝ ወደ አንድ ወደብ ተጠጋች። በዚያ አካባቢ ደግሞ ከሮማውያን ጋር የነበረው ውል ሲፈርስ የተገኘውን ሮማዊ ሁሉ መግደል ልማድ ነበር። መርከቢቱ ተወረረች፤ ፈላስፋውም ከነተከታዮቹ ተገደለ።

ልጆቹ ግን መርከቡ ላይ አልነበሩም። ወርደው ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበር። ሩፊኖስ ይህችን ነገር በአንዲት ዐረፍተ ነገር ያልፋታል፤ እኔ ግን ባነበብኳት ቁጥር እዚያው እቆማለሁ። ከጀርባቸው ባሕሩ አለ፣ ሰዎቹ ደም ከነካው መርከብ እየወረዱ ወደ እነርሱ ይመጣሉ፣ ልጆቹ ደግሞ ጭንቃቸው ነገ መምህሩ የሚጠይቃቸው ጥያቄ ነው። መምህሩ እንደ ሞተ ገና አልሰሙም። የመጡት ሰዎች አዘኑላቸውና ሳይገድሏቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው።

ንጉሡ ኤዴስዮስን አሳላፊው አደረገው። ፍሬምናጦስ ግን ልባምና አስተዋይ ሆኖ ስላገኘው ሒሳቡንና መዛግብቱን አስረከበው። በኋለኛው የቤተ መንግሥታችን አጠራር በጅሮንድና ጸሐፌ ትእዛዝ በአንድ ሰው ላይ ተደረቡ ማለት ነው። ንጉሡ ሲሞት ሕፃን ልጅ ትቶ ነበር። ለሁለቱ ወጣቶችም ወደፈለጉበት የመሄድ ነፃነት ሰጣቸው። እነርሱ አገራቸው ሊገቡ ሲሰናዱ ንግሥቲቱ «ልጄ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን አብራችሁኝ ጠብቁ» ብላ ለመነቻቸው። ይልቁንም ፍሬምናጦስን። እነርሱም እሺ ብለው ቀሩ።

በስብከት ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። ፍሬምናጦስ በዚህ ጊዜ ካህን አይደለም፤ ዲያቆንም አይደለም። በቤተ መንግሥት የሚሠራ ምእመን ነው። በእጁ ያለውን ሥልጣን ምን አደረገበት? ወደ አክሱም ከሚመላለሱት የሮም ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያን የሆኑትን ፈልጎ አገኘ። በየቦታው ተሰብስበው እንዲጸልዩ ፈቀደላቸው፤ የጸሎት ቤት የሚሠሩበትን ቦታና የሚያስፈልጋቸውን ነገር ሰጣቸው። እንግዲህ ሩፊኖስ እንደሚተርከው የአክሱም ቤተ ክርስቲያን የተጀመረችው በነጋዴዎች ጉባኤ፣ በአንድ የሒሳብ ሹም ድጋፍና በአንዲት ንግሥት ፈቃድ ነው። ጳጳሱ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ልጁ አድጎ መንግሥቱን ሲረከብ ሁለቱ ሥራቸውን አስረክበው ተሰናበቱ። ንግሥቲቱና ልጇ እንዲቀሩ ቢለምኗቸውም እሺ አላሉም። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ገሰገሰ። ፍሬምናጦስ ግን የጌታን ሥራ ደብቆ መያዝ አይገባም ብሎ ወደ እስክንድርያ ወረደ። የሆነውን ሁሉ ለሊቀ ጳጳሱ ለቅዱስ አትናቴዎስ ነገራቸው፤ በዚያ አገር ብዙ ክርስቲያኖች ተሰብስበዋልና ጳጳስ ይላክላቸው ብሎ ጠየቀ። ለራሱ ሹመት አልለመነም። አትናቴዎስ በካህናቱ ጉባኤ መካከል ነገሩን አሰላስለው «የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበትን እንዳንተ ያለ ሰው ከወዴት እናገኛለን?» አሉት። ሾመውም ወደ መጣበት መለሱት።

ኦሪት ዘፍጥረትን ያነበበ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል። በምዕራፍ 41 ላይ ፈርዖን ስለ ዮሴፍ የተናገረው ነው። በባዕድ አገር ምርኮኛ ሆኖ የገባ ልጅ፣ የንጉሥ ጎተራና መዝገብ በእጁ የተሰጠው ሰው፦ ተራኪው ፍሬምናጦስን ሁለተኛ ዮሴፍ አድርጎ ማየቱ ግልጽ ነው። የቅዱሳን ታሪክ የሚጻፈው እንዲህ ነው፤ አዲሱ ሰው በቀድሞው ሰው መስታወት ይታያል። ለዚህም ነው አንዳንድ ተመራማሪዎች ከታሪኩ ምን ያህሉ የሆነ ነገር፣ ምን ያህሉ ደግሞ የተራኪው አቀራረጽ እንደሆነ የሚጠይቁት። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሩፊኖስም እንደሚጠየቅ ያወቀ ይመስላል፤ ይህን የሰማሁት ከሕዝብ ወሬ አይደለም፣ በኋላ የጢሮስ ቄስ ከሆነው ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ ነው ብሎ ይደመድማል።

ከዚህ በኋላ ፍሬምናጦስን አንቱ እላቸዋለሁ፤ ጳጳስ ሆነዋልና።

አሁን አንድ ችግር ይመጣል። ሩፊኖስ ልጆቹ ያደጉበትን አገር «አክሱም» አይለውም፤ «ኢትዮጵያ»ም አይለውም። አገሩን የሚጠራው «ህንድ» ብሎ ነው። የንጉሡንም ሆነ የንግሥቲቱን ስም አልነገረንም። በዚያ ዘመን የግሪክና የላቲን ጸሐፊዎች ከቀይ ባሕር ማዶና በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር፣ አክሱምንም ደቡብ ዓረብንም እውነተኛውን ህንድንም፣ ባንድ ላይ «ህንድ» ማለታቸው የተለመደ ነበር። ታዲያ የጢሮሱ ልጅ ያደገው አክሱም መሆኑን በምን እናውቃለን?

መልሱ መጀመሪያ ላይ ባነሳሁት ደብዳቤ ውስጥ አለ። ሩፊኖስ ሕይወቱን ይተርካል፣ ቦታውን ግን በትክክል አይሰይምም። ንጉሠ ነገሥቱ ቦታውንና የነገሥታቱን ስም ይጠራል፣ ሕይወቱን ግን አይተርክም። ሁለቱ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ በላቲን፣ ሌላው ከግማሽ መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ በሌላ ጉዳይ የጻፉት ነው። ሁለቱም ግን ስሙን ፍሬምናጦስ ይሉታል፤ ሁለቱም የሾሙት አትናቴዎስ ናቸው ይላሉ። የታሪክ ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር አይመኝም።

ደብዳቤው ለምን እንደተጻፈ ለመረዳት በእስክንድርያ የነበረውን ጠብ ማወቅ ያስፈልጋል። አርዮስ የተባለ የእስክንድርያ ቄስ ወልድ ፍጡር ነው፣ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ ብሎ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ይህን አወገዙ። ዛሬ በቅዳሴ መካከል «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ፣ በመለኮቱ ከአብ ጋር የሚተካከል» የምንለው ቃል መሠረቱ የዚያን ጊዜው ውሳኔ ነው። ነገሩ ግን በኒቅያ አላበቃም። ቆንስጣንዮስ የኒቅያን ቃል ከሚቃወሙት ወገን ጋር ቆመ። አትናቴዎስ ደግሞ ለዚያች አንዲት ቃል አምስት ጊዜ ተሰደዱ። በ45 ዓመት የጵጵስና ዘመናቸው ከመንበራቸው ውጭ ያሳለፉት ጊዜ ቢደመር 17 ዓመት ያህል ይሆናል።

በ356 ወታደሮች እስክንድርያ ውስጥ አትናቴዎስ ሌሊት ጸሎት ላይ ባሉበት ቤተ ክርስቲያኑን ከበቡት፤ እርሳቸው ግን አምልጠው ወደ ግብፅ በረሃ መነኮሳት ገቡ። በመንበራቸው ላይ የቀጰዶቅያው ጊዮርጊስ ተቀመጠ። ይህ ሰው የምናከብረው ሰማዕቱ ጊዮርጊስ እንዳልሆነ አንባቢ ልብ ይበል፤ ስማቸው ብቻ ነው የተገናኘው። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱ አሰበ። አትናቴዎስን ከእስክንድርያ አባሯቸዋል፤ በግዛቱ ውስጥ መሸሸጊያ ሊያሳጣቸው ይችላል። ነገር ግን ከግዛቱ ውጭ፣ በስተ ደቡብ፣ የእርሱ ሹም የማይደርስበት አንድ መንግሥት አለ፤ የዚያ አገር ጳጳስ ደግሞ አትናቴዎስ ራሳቸው የሾሟቸው ሰው ናቸው።

ደብዳቤው ነገሥታቱን «እጅግ የተከበራችሁ ወንድሞች» እያለ ያቆላምጣል። በሮም አብያተ ክርስቲያናትና በእናንተ ዘንድ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲኖር እንፈልጋለን ይላል። ስለዚህ ፍሬምናጦስ ወደ ግብፅ ይምጣ፣ በጊዮርጊስና በሌሎቹ ጳጳሳት ፊት ቀርቦ ይመርመር። የሾመው አትናቴዎስ በእልፍ ወንጀል የተያዘ፣ መንበሩን የተነጠቀ፣ ከአገር ወደ አገር የሚንከራተት ሰው መሆኑን ታውቃላችሁ። ፍሬምናጦስ እሺ ብሎ ቢመጣና ቢመረመር መልካም፤ ቢያመነታ ግን በአትናቴዎስ ቃል እንደተታለለ ይታወቃል። ከዚያም ዋናውን ፍርሃት ይገልጸዋል፦ አትናቴዎስ ወደ አክሱም መጥቶ ሕዝባችሁን እንዳያበላሽ።

ይህ ወረቀት ለእኛ የተረፈበት መንገድም ያስደንቃል። ያስቀመጡት ተከሳሹ ናቸው። አትናቴዎስ ተሸሽገው ሳሉ ለቆንስጣንዮስ በጻፉት መከላከያ ውስጥ የከሳሻቸውን ደብዳቤ ቃል በቃል ገልብጠው አስገቡት። በእርሳቸው ላይ የተጻፈውን ስድብ ሳይቀንሱ ስላስቀመጡልን በዚያ ዓመት በአክሱም መንበር ላይ ማን እንደነበረ በማያሻማ ሁኔታ እናውቃለን። ቅዱስን ወዳጁ ሲያወድሰው ተጠራጣሪ ሊጠራጠር ይችላል። ጠላቱ «ይህ ሰው እዚያ አለ፣ ያስፈራኛልም» ሲል ግን ምን ይባላል?

የፍሬምናጦስ ሹመት መቼ ነበር የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል፤ የክርክሩ ውል ግን ቀላል ነው። አትናቴዎስ ሊሾሟቸው የሚችሉት እስክንድርያ ውስጥ በነበሩበት ጊዜ ብቻ ነው። ከሹመታቸው ከ328 ጀምሮ እስከ 335 ነበሩ፤ ከዚያ ተሰደዱ። ከ337 እስከ 339 ተመለሱ፤ ዳግመኛ ተሰደዱ። ከ346 እስከ 356 ደግሞ አሥር ዓመት ሙሉ በመንበራቸው ነበሩ። ሩፊኖስ አትናቴዎስ ያን ጊዜ ገና በቅርቡ የተሾሙ ነበሩ ስለሚል ብዙዎች በ330 አካባቢ ያደርጉታል፤ የእኛም ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ሌሎች ተመራማሪዎች ከ346 በኋላ ያለውን ጊዜ ይመርጣሉ። ለእኔ የመጀመሪያው ሚዛን ይደፋል፤ ጽሑፉ ያለውን ያለ በቂ ምክንያት መግፋት አልወድም። ከ356 በፊት መሆኑ ግን በሁለቱም ወገን ያለቀለት ነገር ነው።

መጻሕፍቱ የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው። አክሱም ራሷ ምን ትላለች? አክሱም በድንጋይና በወርቅ ትናገራለች።

የዔዛናን የወርቅ ሳንቲም ብንመለከት ትንሽ ነው፤ ሁለት ግራም አይሞላም። በመካከሉ የንጉሡ መልክ ከወገብ በላይ ተቀርጿል፤ ግራና ቀኙን ሁለት የእህል ዛላዎች አቅፈውታል። በግሪክ ፊደል ስሙና የአክሱማውያን ንጉሥ መሆኑ ተጽፏል። ቀደም ባሉት ሳንቲሞቹ ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ ግማሽ ጨረቃና ክብ ምልክት አሉ፤ የቀድሞው አምልኮ ምልክቶች ናቸው። በኋለኞቹ ላይ ግን ጨረቃዋ የለችም። በእርሷ ፋንታ መስቀል ገብቷል፣ በላይ፣ በታች፣ በግራና በቀኝ። ንጉሡ ያው ንጉሥ፣ ዛላውም ያው ዛላ ነው። ሃይማኖት ሲለወጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከዘመናት በኋላ ነው፤ እዚህ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ፣ ጥፍር በምታህል ወርቅ ላይ ይታያል። መስቀልን በሳንቲማቸው ላይ ካተሙ የዓለም መንግሥታት መካከል አክሱም ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት።

ድንጋዮቹም እንደዚያው ናቸው። ዔዛና በቤጃዎች ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስጻፈው ጽሑፍ ራሱን «የማይሸነፈው የመሕረም ልጅ» ይላል፤ በግሪኩ ደግሞ መሕረም በግሪኮች የጦር አምላክ በአሬስ ስም ይተካል። ስለ ኖባ ዘመቻ በግዕዝ ባስጻፈው ኋለኛ ጽሑፍ ግን መሕረም የለም፤ ድሉ «የእግዚአ ሰማይ» ነው። ይህ ጽሑፍ የግዕዝ ፊደላት ከነአናባቢያቸው፣ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያሉ የሚታዩበት ነው። ፊደላችንን እንዲህ ያስተካከሉት አባ ሰላማ ናቸው የሚለው ትውፊት የተነሣውም ለውጡ በዚያ ዘመን ስለታየ ነው። ማን እንደሠራው ድንጋዩ ባይነግረንም ዘመኑን ግን ይነግረናል።

በግዕዙ ጽሑፍ ላይ «እግዚአ ሰማይ» ብቻ መባሉ አንዳንዶችን ያወዛግባል፤ ንጉሡ ክርስቲያን ከሆነ ለምን ክርስቶስን በስሙ አልጠራም? አሳማኝ ሆኖ ያገኘሁት ማብራሪያ እንዲህ የሚለው ነው፦ ግዕዙን የሚያነበው የአገሩ ሰው አብዛኛው ገና ያላመነ ስለነበረ ንጉሡ ሁሉም ሊቀበለው በሚችል ስም ተናገረ። እምነቱ ከቤተ መንግሥት ወደ ሕዝቡ የወረደው በዝግታ ነው። ተሰዓቱ ቅዱሳን መጥተው ገዳማትን እስኪያቀኑ ድረስ ገና ከመቶ ዓመት በላይ ይቀር ነበር።

ከስሞቹ መካከል ሰው የሚሳሳትባቸው አሉ። «ሰላማ» የተባሉ ጳጳስ አንድ ብቻ አይደሉም። በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ ሰላማ መተርጉም ነበሩ፤ ብዙ መጻሕፍትን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ያስተረጎሙት እርሳቸው ናቸው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መቅደላ ታስረው ያረፉትም አቡነ ሰላማ ይባላሉ። አንዳንድ ጽሑፎች የመተርጉሙን ሥራ ለከሣቴ ብርሃን ሲሰጡ ይታያል፤ በሁለቱ መካከል አንድ ሺህ ዓመት አለ።

ሁለተኛው ነገር አብርሃ እና አጽብሐ ነው። ስንክሳራችንና ትውፊታችን አባ ሰላማ ያጠመቋቸው ነገሥታት አብርሃ እና አጽብሐ ናቸው ይላል፤ ጥቅምት 4 ቀንም ይከበራሉ። የድንጋዩና የደብዳቤው ስም ደግሞ ዔዛና እና ሳይዛና ነው። ትውፊቱ ሁለቱን ጥንዶች አንድ ያደርጋቸዋል፤ አንዱ የንግሥ ወይም የጥምቀት ስም ነው ይላል። ተመራማሪዎች በበኩላቸው እነዚህ ስሞች በስድስተኛው መቶ ዘመን ከነበሩት ከካሌብ፣ ማለትም ከእለ አጽብሐ፣ እና የመንን ከገዛው ከአብርሃ ጋር መመሳሰላቸውን ያስታውሳሉ። ዋናው ነገር፣ ማለትም ሁለት ወንድማማች ገዢዎች መኖራቸው፣ በሮም ደብዳቤም በሀገር ትውፊትም መገኘቱ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

«ከባኮስ ጀምሮ ክርስትና ነበረን፤ እንዴት በአራተኛው መቶ ዘመን ጀመረ ይባላል?» ብለው የሚቆጡም አሉ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የተጻፈውን የህንደኬን ጃንደረባ ባኮስን ቤተ ክርስቲያናችን የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ምእመን አድርጋ ታስተምራለች። የእርሷም መልስ ግልጽ ነው፦ እምነት ቀድሞ መጣ፣ ክህነት ግን የመጣው በአባ ሰላማ ነው። ያለ ጳጳስ ቄስ አይሾምም፤ ያለ ቄስ ቅዱስ ቁርባን የለም። «ከሣቴ ብርሃን»፣ ብርሃንን የገለጠ፣ የሚለው ስማቸው ከዚህ የመጣ ነው። ትውፊቱ ፍሬምናጦስን ያሳደጋቸው እንበረም የተባለ ሊቀ ካህናት እንደነበረ፣ ጳጳስ ሆነው ሲመለሱም አጥምቀው ካህን እንዳደረጉትና ሕዝበ ቀድስ እንዳሉት ይናገራል።

ያ የእስክንድርያ ሹመት ግን ሌላም ነገር ወለደ። ከአንድ ሰው ጥያቄ የተነሣው ግንኙነት ሥርዓት ሆነና ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ጳጳስ የሚመጣው ከግብፅ ብቻ ሆነ። በኒቅያ ጉባኤ ስም በኋላ ዘመን የተጻፈ፣ ጉባኤው ግን ያላወጣው አንድ ቀኖና ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት ጳጳስ እንዳይሾሙ ይከለክል ነበር፤ በፍትሐ ነገሥትም ገብቷል። አንድ ጳጳስ ሲያርፍ ወርቅና እጅ መንሻ ይዘው ካይሮ የሚወርዱ መልእክተኞች ዓመታት ይጠብቁ ነበር፤ አገሪቱ ያለ ጳጳስ፣ ስለዚህም አዲስ ካህን የሚሾም ሳይኖራት ትቆይ ነበር። ይህን ስጽፍ ሐዘን ይሰማኛል፤ ፍሬምናጦስ ራሳቸው የአገሩን ቋንቋ የሚያውቁ፣ ከሕዝቡ ጋር ያደጉ ሰው ስለነበሩ ነው አትናቴዎስ የመረጧቸው። የኋለኛው ሥርዓት ግን የያዘው ከየት መሾማቸውን እንጂ ለምን መመረጣቸውን አልነበረም። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ካይሮ ላይ ጳጳሳት ሆኑ። በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ። ከአባ ሰላማ እስከዚያ ድረስ ከ1600 ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬም የፓትርያርኩ ሙሉ ማዕረግ ሲጠራ «ሊቀ ጳጳስ ዘአክሱም» የሚል ቃል አለበት፤ የፍሬምናጦስ መንበር ነው።

አባ ሰላማን ቅዱስ ያላቸው አንድ ጉባኤ ተቀምጦ ወስኖ አይደለም። በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ቅድስና የሚታወቀው በመታሰቢያ ነው፤ ስሙ በጸሎት ይጠራል፣ ቀኑ ይከበራል፣ ታሪኩ በስንክሳር ይነበባል፣ ታቦት በስሙ ይቀረጻል። ሐምሌ 26 ቀን የአረጋዊው ዮሴፍ፣ የእመቤታችን ጠባቂ፣ ዕረፍትም ስለሆነ ሁለቱ በአንድ ቀን ይታሰባሉ። ልጅ ሳለሁ በዚያ የክረምት ጠዋት ካህኑ ስንክሳሩን ሲያነብ የዝናቡ ድምፅ በቆርቆሮው ላይ ይበረታ ነበርና ከንባቡ የሚሰማኝ ቁርጥራጩ ብቻ ነበር፤ ጢሮስ፣ መርከብ፣ ሁለት ልጆች።

መታሰቢያቸው በእኛ ዘንድ ብቻ አይደለም። የኤርትራ ቤተ ክርስቲያንም አባቴ ትላቸዋለች። ምሥራቃውያን ኦርቶዶክሶች ኖቬምበር 30 ያስቧቸዋል፤ ካቶሊኮች ለረጅም ዘመን ኦክቶበር 27 ሲያከብሯቸው ቆይተው በአዲሱ መዝገባቸው ወደ ጁላይ 20 አዛውረውታል። በ16ኛው መቶ ዘመን የመጡት ኢየሱሳውያንም ዓድዋ አጠገብ የሰፈሩባትን ቦታ በስማቸው ፍሬሞና ብለው ጠርተዋታል። በእምነት ምክንያት ከባድ ጠብ ውስጥ የገቡ ወገኖች ሁሉ እኒህን ጳጳስ የእኔ ናቸው ማለታቸውን ልብ ይሏል።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ነገሥታቱ ምን ብለው መለሱ? የመልስ ደብዳቤ አልተገኘም። ፍሬምናጦስ ወደ ጊዮርጊስ መሄዳቸውን የሚናገር ምንም ጽሑፍ የለም፤ ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዕረፍታቸው ድረስ በመንጋቸው መካከል እንደቆዩ ትመሰክራለች። ቆንስጣንዮስ በኖቬምበር 361 ሞተ። ጊዮርጊስን በማግሥቱ ወር የእስክንድርያ ሕዝብ ገደለው። አትናቴዎስም ተመለሱ።

እ.ኤ.አ. በ1969 ግን አክሱም ላይ አንድ ድንጋይ ተገኘ። በግሪክ የተጻፈ ነው፤ ማለት እንግዳ፣ ነጋዴና መልእክተኛ እንዲያነበው የቆመ። የሚናገረው የእለ አሜዳ ልጅ ዔዛና ነው። ራሱን የመሕረም ልጅ አይልም፤ የክርስቶስ አገልጋይ ይላል። ጽሑፉ የሚጀምረው በእግዚአብሔር እምነትና በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ኃይል ነው። ቀጥሎም መንግሥቱን የጠበቀለትን አምላኩን ያመሰግናል፤ ያደረገለትንም ውለታ ሁሉ አፉና ልቡ ሊናገሩት እንደማይችሉ ይገልጻል።